ዋልተር ሄገን፤ የዋናውን በር ያስከፈተ የጐልፍ ሻምፒዮን

ጐልፍ የሚባለው ጨዋታ በሰፊ የሣር ሜዳ ላይ ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ በዐሥራ ስምንት ጉድጓዶች ውስጥ በተራ ማግባት ነው፤ በጥቂት ምት የጨረሰም አሸናፊ ይኾናል። ከመቶ ዓመት በፊት በእንግሊዝና በአሜሪካ ይህን ጨዋታ የሚጫወቱት ሰዎች በሁለት ወገን የተከፈሉ ነበሩ። አንደኛው ወገን ለመዝናናት የሚጫወቱ መኳንንትና ባለጸጎች ሲኾኑ፣ ሁለተኛው ጨዋታውን በማስተማር፣ ዱላ በመሥራትና በውድድር ሽልማት የሚተዳደሩ ሙያተኞች ነበሩ። ሙያተኛው ምንም ያህል የተደነቀ ተጫዋች ቢኾን እንደ ሎሌ ይቈጠር ስለ ነበር፣ ልብሱን በዱላ መሸጫው ሱቅ ይለውጣል እንጂ አባሎቹ ወደሚያርፉበት ወደ ክበቡ ቤት እንዲገባ አይፈቀድለትም ነበር። ይህን ልማድ ካናወጡት ሰዎች መካከል የመጀመሪያውን ስፍራ የያዘው አሜሪካዊው ዋልተር ሄገን ነው።

ሄገን በዲሴምበር 21 ቀን 1892 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በኒው ዮርክ ግዛት በሮቸስተር ከተማ ተወለደ። አባቱ ዘሩ ከጀርመን የኾነ፣ በባቡር ፉርጎ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ከአምስቱ ልጆች ወንዱ ዋልተር ብቻ ነው። ገና በልጅነቱ በከተማው የጐልፍ ክበብ የባለጸጎቹን የዱላ ከረጢት እየተሸከመ በሰዓት ዐሥር ሳንቲም ያገኝ ጀመር። ከረጢት ተሸክሞ ሲከተላቸውም አመታታቸውን እያስተዋለ ስለ ተማረ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዚያው ክበብ አስተማሪ ለመኾን በቃ።

ቤዝቦል የሚባለውንም ጨዋታ አጥብቆ ይወድ ነበርና በ1914 ሐሳቡ ወደዚያ አዘንብሎ ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት በቺካጎ አጠገብ በሚድሎቲያን ሜዳ ለተደረገው የአሜሪካ ኦፕን ውድድር ቀረበ። በዋዜማው የበላው የባሕር ምግብ ክፉኛ ቢያሳምመውም በማግሥቱ ሜዳውን በ68 ምት ጨረሰ፤ በመጨረሻም ቺክ ኢቫንስን በአንድ ምት በልጦ በ21 ዓመቱ ሻምፒዮን ኾነ። በ1919 ይህንኑ ማዕርግ ዳግመኛ ያገኘው ከማይክ ብሬዲ ጋር እኩል ከወጣ በኋላ በተደገመው ጨዋታ፣ አሁንም በአንድ ምት ብልጫ ነው። ወዲያው በዲትሮይት የነበረውን የአስተማሪነት ሥራ ለቀቀና፣ ስፍራው ለተሸነፈው ለብሬዲ እንዲሰጥ ዐደራ ብሎ፣ ያለ ክበብ ደመወዝ በጨዋታው ብቻ ለመኖር ወጣ። በዚያ ዘመን ይህን የሚደፍር ጥቂት ነበር።

በ1920 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ በዲል ከተማ ለብሪታንያ ኦፕን በቀረበ ጊዜ ወደ ክበቡ ቤት እንዳይገባ ተከለከለ። ሄገንም ከማንም ጋር ሳይጣላ፣ ሾፌር ያለው ትልቅ አውቶሞቢል ተከራይቶ በቤቱ ዋና በር ፊት ለፊት አቆመና ጫማውንና ልብሱን በዚያ ይለውጥ ጀመር። በጨዋታውስ አልቀናውም፤ ከኋለኞቹ ተርታ ነው የተገኘው። ዳሩ ግን በዚያው ክረምት በአሜሪካ በቶሌዶ ከተማ የሚገኘው የኢንቨርነስ ክበብ ለኦፕን ውድድር የመጡትን ሙያተኞች ኹሉ በክብር ወደ ቤቱ አስገባ። እነሱም በሄገን አስተባባሪነት ገንዘብ አዋጥተው ትልቅ የቁም ሰዓት ለክበቡ አበረከቱ።

በ1922 በሳንድዊች ሜዳ በአሜሪካ ከተወለዱት ሰዎች የመጀመሪያው የብሪታንያ ኦፕን አሸናፊ ኾነ፤ የሽልማቱንም ገንዘብ ለከረጢት ተሸካሚው ሰጠው። በማግሥቱ ዓመት በትሩን በአንድ ምት ተሸንፎ ሁለተኛ ሲወጣ፣ ውድድሩ እስኪያልቅ በሩ የተዘጋባቸው ሙያተኞች ለሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ብቻ እንዲገቡ ተጋበዙ። ሄገን አልገባም፤ ሕዝቡን አስከትሎ በአቅራቢያው ወደሚገኝ መጠጥ ቤት ሔደ። ከዚያ በኋላ በ1924፣ በ1928 እና በ1929 ያንኑ ዋንጫ ወሰደ።

የአሜሪካ ሙያተኞች ማኅበር የሚያዘጋጀውን ውድድር በ1921፣ ከዚያም ከ1924 እስከ 1927 ድረስ በተከታታይ አሸነፈ። በ1925 የተሸለመውን ዋንጫ ወደ ሆቴል እንዲያደርስለት ለታክሲ ነጂ ሰጥቶት ጠፋ፤ ነገር ግን ሁለቱን ዓመት ራሱ ስላሸነፈ አምጣ የሚለው አልነበረም። በ1928 ሊዮ ዲግል ሲያሸንፍ ነገሩ ተገለጠ። ዋንጫው በ1930 በዲትሮይት ከአንድ ዕቃ ቤት ተገኘ።

አመታቱ እንከን የለሽ አልነበረም፤ በየጨዋታው ጥቂት ኳሶች ከመንገድ ይወጡበት ነበር። ከአስቸጋሪ ስፍራ አውጥቶ ከጉድጓዱ አጠገብ ማሳረፍ ግን ማንም አይተካከለውም። በ1926 በፍሎሪዳ ከታላቁ ቦቢ ጆንስ ጋር በ72 ጉድጓድ ተጋጥሞ፣ ዐሥራ አንድ ጉድጓድ ገና ሲቀር ዐሥራ ሁለት ጉድጓድ መርቶ ድል ያደረገው በዚህ ችሎታ ነው።

ጠባዩ ኹሉ የሚመሰገን ነበር ማለት አይደለም። ገንዘቡን እንደ ውሃ ያፈሰው ነበር፤ ባላጋራውን ማስጠበቅ ልማዱ ነበር፤ ሁለት ጋብቻዎቹም በፍቺ ፈረሱ። ይኹን እንጂ የአሜሪካን ቡድን በራይደር ዋንጫ ከ1927 እስከ 1937 በስድስቱም ውድድር የመራው እሱ ነው። በታላላቆቹ ውድድሮች ያገኘው ዐሥራ አንድ ድል እስከ ዛሬ የሚበልጠው የጃክ ኒክላውስና የታይገር ዉድስ ብቻ ነው።

በሽምግልናው በጉሮሮ ነቀርሳ ታሞ ድምፁን አጣ፤ በኦክቶበር 1969 በሚቺጋን ግዛት በትራቨርስ ሲቲ በ76 ዓመቱ ዐረፈ። ሬሳውን ከተሸከሙት መካከል አንዱ፣ በፔንሲልቬንያ የአንድ ጐልፍ ክበብ ሜዳ ጠባቂና አስተማሪ ልጅ የነበረው ሻምፒዮን አርኖልድ ፓልመር ነበር።