ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያትና የጨርጨር አገዛዝ

ሹም የሚሾመው በደብዳቤ ነው፤ ወደ ሹመቱ ይዞት የሚገባው ጠባይ ግን ቀድሞ ከአስተዳደጉና ከትምህርቱ ያገኘው ነው። በሥሩ ያሉትም ሠራተኞች ከተጻፈው ደንብ ይልቅ የሹሙን እጅ ይመለከታሉ። ይህም በጨርጨር አውራጃ በፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ዘመን ታይቷል።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። በልጅነታቸው በሐረር በራስ መኰንን ቤት አደጉ፤ ከአድዋ ጦርነት በኋላም ወደ ሩስያ ሄደው በፒተርስበርግ የመድፈኛነት ትምህርት ተማሩ። ኋላም በአውሮፓ የእርሻን ትምህርት ጨመሩ። በወታደር ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ሥራ በደንብ፣ ኑሮም በደመወዝ መሆኑን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይቈጥረዋል። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ያገኙት ግን ሌላ ነበር። በ1913 ዓ.ም. ገደማ ፋቡላ የተባለውን ቴአትር ደርሰው የመኳንንቱን ጥፋት በአውሬዎች አስመስለው አሳዩ፤ መኳንንቱም ነገሩ ስለ ገባቸው ቴአትሩ ተከለከለ።

በንግሥት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ጨርጨር ለሌሎቹ አውራጃዎች ምሳሌ እንዲሆን አስበው አገሩን ለተክለ ሐዋርያት ሰጡ። አገሩ ለዚህ የሚመች ነበር። ከኩኒ እስከ በደሳና ገለምሶ ያለው ተራራማ አገር ቡና ያበቅላል፤ በቆላው በኩል ደግሞ በሚኤሶ የምድር ባቡር ያልፋል። የማይመቸው የአገዛዙ ልማድ ነበር። ወታደሩና መልከኛው ደመወዝ ስለሌላቸው ኑሯቸው በገባሩ ትከሻ ላይ ነበር፤ ገባሩም ግብሩን ከከፈለ በኋላ እህል ይፈጫል፣ እንጨት ይሸከማል፣ አጥር ያጥራል። በዚህ ልማድ መካከል ቆሞ ጉቦ ነውር ነው ብሎ መስበክ ከንቱ ድካም ነው፤ የሚበላው ያጣ ጸሐፊ ከባለጉዳዩ ይበላልና። ተክለ ሐዋርያት ይህን አውቀውታል። የአዲሱ አገዛዝ መሠረት ግብሩ ተወስኖ በመዝገብ እንዲገባ፣ ሹሙም በደመወዝ እንዲኖር ማድረግ ነበር። ዛሬ ጭሮ የምትባለው አሰበ ተፈሪም የአውራጃው ዋና ከተማ ሆና የተቈረቈረችው በእሳቸው ነው።

ስለ ጠባያቸው እውነቱን ለመናገር ግን ለባልንጀራም ለጌታም የሚመቹ ሰው አልነበሩም። ጉቦን እንቢ ያሰኛቸው ግትርነት ምክርንም አንዳንድ ጊዜ እንቢ ያሰኛቸው ነበር። በ1923 ዓ.ም. የወጣውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ የገንዘብ ሚኒስትር የሆኑ፣ በዤኔቭም ስለ ኢትዮጵያ የተከራከሩ እሳቸው ናቸው፤ ሆኖም በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር መውጣታቸውን ተቃወሙ፤ ከዚያም በማዳጋስካር ብዙ ዓመት በስደት ኖሩ።

ከእሳቸው በኋላ ጨርጨርን የገዙት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። በሕንድ ያደጉና በእንግሊዞች አስተዳደር በሐኪምነት ያገለገሉ ስለ ነበሩ መዝገብና ደመወዝ ለእሳቸውም እንግዳ አልነበረም፤ የተማሩ ወጣቶችንም ወደ አውራጃው ሥራ አስገቡ። ደንቡ ባለቤት አግኝቶ ቈየ ማለት ነው፤ ነገር ግን ሐኪም ወርቅነህ ወደ ለንደን በሚኒስትርነት ተላኩ፤ ወዲያውም የጠላት ጦር ገባ።

ተክለ ሐዋርያት ከስደት ሲመለሱ በዚያው በጨርጨር፣ በሂርና፣ እርሻ ይዘው ተቀመጡ። በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ። በእጃቸው የጻፉት የሕይወታቸው ታሪክ የታተመው በ1999 ዓ.ም. ነው።