ቻርልስ ብሬንተን ሀጊንስ

ቻርልስ ብሬንተን ሀጊንስ (ሴፕቴምበር 22 ቀን 1901 – ጃንዋሪ 12 ቀን 1997 እ.ኤ.አ.) በካናዳ የተወለደ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪምና ተመራማሪ ነበር። ወደ አጥንት የተሠራጨ የፕሮስቴት ካንሰር የወንድ ሆርሞንን በመቀነስ ሊገታ እንደሚችል ስላሳየ በ1966 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ከፔይተን ራውስ ጋር ተካፍሏል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትምህርትና ሥራ

የተወለደው በኖቫ ስኮሺያ ግዛት፣ በሃሊፋክስ ከተማ ነው። በ1920 ከአኬዲያ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1924 ደግሞ ከሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቀ። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ቀዶ ሕክምናን ከተማረ በኋላ በ1927 ገና በመደራጀት ላይ ወደነበረው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ገባ። በዚያው ዓመት ማርጋሬት ዌልማን የተባለች ነርስ አገባ፤ ሁለት ልጆችም ወለዱ። ትምህርት ቤቱ የሽንት ቧንቧና የፕሮስቴት ሕመሞችን ሥራ ሰጠው። ስለ ዘርፉ ብዙም ስለማያውቅ እየሠራ ራሱን አስተማረ።

ሀጊንስ የሚታወሰው በፕሮስቴት ቢሆንም ቀደም ብሎ የሳበው አጥንት ነበር። በ1931 ባሳተመው ጥናት፣ ከሽንት ፊኛ የውስጥ ሽፋን የተወሰደ ሕብረ ሕዋስ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ሲዛወር በዚያ ቦታ አጥንት እንደሚበቅል አሳየ። ይህ የአጥንት እውቀቱ ኋላ በጣም ጠቅሞታል።

የ1941 ግኝት

ከሰው ሌላ ፕሮስቴቱ በእርጅና ጊዜ አዘውትሮ የሚታመም እንስሳ ውሻ ነው። ሀጊንስ የውሻ ፕሮስቴት የሚያመነጨውን ፈሳሽ ለብቻው ሰብስቦ የሚለካበት የቀዶ ሕክምና ዘዴ ፈጠረ። የዘር ፍሬው ሲወጣ ዕጢው ይኮማተራል፣ ፈሳሹም ይቆማል፤ የወንድ ሆርሞን ሲወጋ ተመልሶ ይሠራል። የሴት ሆርሞን የሆነው ኤስትሮጅን ደግሞ ዕጢውን እንደገና ያኮማትረዋል።

በዚያን ጊዜ ካንሰሩ ወደ ጀርባና ዳሌ አጥንታቸው የደረሰ ሰዎች ከማስታገሻ ብዙም ያለፈ ተስፋ አልነበራቸውም። ሀጊንስ ከተማሪው ክላረንስ ሆጅስ ጋር የዘር ፍሬን በቀዶ ሕክምና አወጣላቸው ወይም ኤስትሮጅን ሰጣቸው። ውጤቱን የለካው በደም ውስጥ ባሉ ሁለት ኢንዛይሞች ነው። አንደኛው አሲድ ፎስፋቴዝ ሲሆን ከፕሮስቴት የሚመጣ ነው፤ ካንሰሩ ሲሠራጭ መጠኑ እንደሚጨምር አሌክሳንደርና ኢቴል ጉትማን በ1938 አሳይተው ነበር። ሁለተኛው አጥንት በሚሠራበት ቦታ የሚበዛው አልካላይን ፎስፋቴዝ ነው። ከሕክምናው በኋላ አሲድ ፎስፋቴዝ በፍጥነት ወረደ፤ የወንድ ሆርሞን ሲወጋ ደግሞ ወጣ። በተከታዩ ጥናት ከተካተቱት 21 ሕመምተኞች አብዛኞቹ ተሻላቸው፤ የአጥንት ሕመማቸው ቀለለ፣ የምግብ ፍላጎታቸው ተመለሰ።

ከዚህ በፊት ካንሰር የሰውነትን ትእዛዝ ፈጽሞ የማይቀበል ተደርጎ ይታይ ነበር። የሀጊንስ ሥራ ቢያንስ አንዳንዱ ካንሰር በሆርሞን ላይ ጥገኛ እንደሆነ በቁጥር አረጋገጠ። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። ሕክምናው ሰውን ማኮላሸት ነው፤ ከዚያም በላይ በብዙዎቹ ላይ በሽታው ከጊዜ በኋላ ተመልሷል።

ሀጊንስ ምክንያቱን ከኩላሊት በላይ በሚገኙት የአድሬናል ዕጢዎች ጠረጠረ። በ1945 እነዚህን ዕጢዎች ማውጣት ቢሞክርም የሚተካቸው ኮርቲዞን ገና ስላልነበረ ሙከራው ጥሩ ውጤት አላመጣም። ጥርጣሬው ግን ትክክል ነበር፤ በ2011 በአሜሪካ የተፈቀደው አቢራቴሮን የሚሠራው የእነዚህን ዕጢዎችና የካንሰሩን የራሱን የሆርሞን ምርት በማገድ ነው።

ከ1951 እስከ 1969 የቤን ሜይ የካንሰር ምርምር ላቦራቶሪን መራ፤ በጡት ካንሰርም ላይ ሰፊ ሥራ ሠራ። ከ1972 እስከ 1979 የአኬዲያ ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ነበር። በ95 ዓመቱ በቺካጎ አረፈ።

ከእሱ በኋላ፦ ሆርሞንና አጥንት

ዛሬ ቀዶ ሕክምናውን በአብዛኛው በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶች ተክተውታል፤ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነው ሉፕሮላይድ በ1985 በአሜሪካ ተፈቀደ። ነገር ግን የሀጊንስ መንገድ የራሱ ቅራኔ አለው። በአጥንት ውስጥ ያለውን ካንሰር የሚያዳክመው የሆርሞን መቀነስ ራሱን አጥንቱን ያሳሳል። የወንድ ሰውነት ቴስቶስቴሮንን በከፊል ወደ ኤስትሮጅን ይለውጣል፤ የአጥንትን ጥንካሬ በዋናነት የሚጠብቀውም ይህ ነው። ቀድሞ በክኒን ይሰጥ የነበረው ኤስትሮጅን አጥንትን ባይጎዳም በልብና በደም ሥር ላይ ባስከተለው አደጋ ምክንያት እየቀረ ሄደ።

ስለዚህ ከሆርሞን ሕክምና ጋር የአጥንት መከላከያ መጨመር ጀመረ። ዞሌድሮኒክ አሲድ በ2002፣ ዴኖሱማብ በ2010 ካንሰር ወደ አጥንት ለደረሰባቸው ሰዎች ተፈቀዱ፤ ሁለቱም አጥንትን የሚሰብሩ ሕዋሳትን ያዳክማሉ። ጥቅማቸው ጎልቶ የታየው የሆርሞን ሕክምና መሥራት ባቆመበት ደረጃ ነው። ሆርሞን ገና በሚሠራበት ጊዜ ዞሌድሮኒክ አሲድን ቀድሞ መጀመር የአጥንት ችግሮችን እንዳላዘገየ በ2014 የወጣ ጥናት አሳይቷል። መድኃኒቶቹም የመንጋጋ አጥንትን ሊጎዱ ስለሚችሉ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ጥርስ መታየት ይኖርበታል።

መከላከያውን መተው ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ የታየው አቢራቴሮን ከሬዲየም 223 ጋር በተሰጠበት ጥናት ነው፤ ጥምረቱን በወሰዱት ላይ የአጥንት ስብራት በዛ። ስብራቱ ያነሰው የአጥንት መከላከያ ይወስዱ በነበሩት ላይ ነበር። ኤንዛሉታማይድን ከሬዲየም ጋር ያጣመረ ሌላ ጥናትም ከ2018 ጀምሮ መከላከያውን ግዴታ አደረገ፤ ስብራቱም በእጅጉ ቀነሰ።