ብርሃን ሞገሳ፥ የቋራዋ እቴጌ

ዛሬ በየከተማው ሌሊቱ በቀለም መብራት አጊጧል። አንዳንዱ ሰው ለወዳጁ ያለውን ፍቅር ሊገልጽ ስሟን በቀጭን የመስተዋት ቱቦ ያስጽፋል፤ በቱቦውም ውስጥ ኒዮን የሚባለውን ጋዝ አስሞልቶ በኤሌክትሪክ ያበራዋል። ይህን መብራት ፈረንሳዊው ዦርዥ ክሎድ በፓሪስ ለሕዝብ ያሳየው በ1903 ዓ.ም. ነው። ፍቅርን በብርሃንና በቀለም የመግለጽ ምኞት ግን ከመብራቱ እጅግ ይቀድማል። ለዚህ ምስክር አድርገን የምናነሣቸው በዘውድ ስማቸው ብርሃንን የያዙትን እቴጌ ምንትዋብን ነው።

እቴጌ ምንትዋብ የተወለዱት ከመተማ ዮሐንስ በስተ ደቡብ በሚገኘው በቋራ አገር ነው። እንደሚነገረው ዐፄ በካፋ ማንነታቸውን ሰውረው አገር ሲዞሩ ቋራ ላይ ታመሙ። ያረፉበት ቤት ልጅ አስታመመቻቸው፤ በዳኑም ጊዜ አገቧት። ዐፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ሰባት ዓመት ያህል የሆነው ሕፃን ነበረ። እናቲቱም ብርሃን ሞገሳ ተብለው ዘውድ ጫኑ፤ ስለ ልጃቸውም መንግሥቱን ያዙ።

የእናትነት ፍቅራቸውን በምን ገለጹት ቢባል፥ በሕንፃና በሥዕል ነው። ከጎንደር ወጣ ብሎ ያሠሩት ደብር ቁስቋም ይባላል፤ ቁስቋም እናት ልጅዋን ይዛ በስደት የተጠጋችበት የግብፅ ቦታ ስም ነው። በጣና ሐይቅ ባሠሩት በናርጋ ሥላሴ ደግሞ ከእመቤታችንና ከልጅዋ ሥዕል ሥር እቴጌይቱ በግንባራቸው ተደፍተው ተሥለዋል። ልጃቸው ዐፄ ኢያሱም በጎንደር አዳራሽ ሲያሠሩ ግድግዳው ከታች በዝሆን ጥርስ ተለበጠ፤ ከላይ ከቬኒስ የመጣ መስተዋት በወርቅ በተቀባ ክፈፍ በሦስት ረድፍ ተደረደረ፤ ጣራው የቤተ እስራኤል ሠራተኞች በፈለጡትና በቀለም ባስጌጡት ሸምበቆ ተሸለመ። ኤሌክትሪክ ባልነበረበት ዘመን ያ አዳራሽ ብርሃኑን ከመስተዋት ያገኝ ነበር።

ነገር ግን የእቴጌይቱ ፍቅር በግድግዳ ላይ ብቻ አልቀረም፤ ወደ ሹመትም ተሻገረ። ወንድማቸው ራስ ወልደ ልዑልና ሌሎቹ የቋራ ዘመዶቻቸው ቤተ መንግሥቱን ሞሉት። ለልጃቸውም ከኦሮሞ ባላባት ቤት ውቢትን አጋቡ። ዐፄ ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. ሲሞቱ ልጃቸው ኢዮአስ ነገሡ፤ የኢዮአስ የእናት ወገኖችም በበኩላቸው ሹመት ፈለጉ። ራስ ወልደ ልዑል በሕይወት ሳሉ ነገሩ ታግሦ ቆየ፤ እርሳቸው ሲሞቱ ግን ሁለቱ ወገኖች ተፋጁ። ዐፄ ኢዮአስ ለርዳታ የጠሯቸው የትግራዩ ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑል በ1761 ዓ.ም. ንጉሡን ራሳቸውን አስገደሉ።

አያቲቱ ከዚያ በኋላ ቁስቋም ተቀመጡ። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ እዚያው ተቀምጦ ፈንጣጣ የያዛቸውን የቤተ ዘመድ ልጆች አክሟል። እቴጌይቱ በ1765 ዓ.ም. አረፉ። የእርሳቸው፥ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው አፅም በቁስቋም በአንድነት ይገኛል።

በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች በመተማ በኩል ወጥተው ጎንደርን ሲያቃጥሉ ቁስቋምም ከጥፋቱ አላመለጠችም። በዓመቱ ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ፤ ከተማይቱም በስማቸው ትጠራለች። የናርጋ ሥዕል ግን በደሴቱ ውስጥ ተርፎ አሁንም ይታያል።

እኛ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ቁም ነገር አንድ ነው። እቴጌ ምንትዋብ ፍቅራቸውን በቀለም ሲገልጹ ለሁላችን ቅርስ ተዉ፤ በሹመት ሲገልጹት ግን ዋጋውን የከፈለው የሚወዱት የልጅ ልጃቸው ሆነ። ነገ ወንበር የምንይዝ ተማሪዎች ሁላችን ዘመዶቻችንን እንወዳለን። ፍቅራችንን ለመግለጽ ብንሻ ስማቸውን በመብራት እንጻፍላቸው፤ የሕዝቡን ወንበር ግን ለሚገባው እንተውለት።