ሐሪየት ተብማንና የሃያ ዶላሩ ወረቀት

ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ይውላል፤ ሀብታሙም ድኻውም፥ የተማረውም ያልተማረውም ያየዋል። ስለዚህ አንድ መንግሥት በወረቀት ገንዘቡ ላይ የአንድ ሰው መልክ ሲያትም፥ ያ ሰው የሕዝብ ሁሉ አርአያ እንዲሆን መፈለጉ ነው። ታዲያ ይህ ክብር የሚገባው ለማን ነው? ለነገሠ ነውን? ጦር ላሸነፈ ነውን? ወይስ ወገኑን ላዳነ? እኛ ተማሪዎች በታሪክ ክፍለ ጊዜ በዚህ ጥያቄ ተከራክረን ነበርና፥ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የክርክራችን ምክንያት የሆነችውን የአንዲትን ሴት ሕይወት ልናቀርብ ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ሐሪየት ተብማን በ1822 ገደማ በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት ባሮች ከነበሩ ወላጆች ተወለደች። የልጅነት ስሟ አራሚንታ ሮስ ነበር። ገና በሕፃንነቷ በኪራይ ለሌሎች ሰዎች እየተሰጠች ትሠራ፥ ትገረፍም ነበር። እኅቶቿ ተሸጠው ከቤተ ሰቡ ተለዩ። አንድ ቀን የባሮች ተቆጣጣሪ ሌላውን ባርያ ለመምታት የወረወረው የሚዛን ብረት የእርስዋን ራስ መታት። ከዚያም ጀምሮ ራስ ምታትና ድንገት የሚጥላት እንቅልፍ በሕይወቷ ሙሉ አልተለያትም።

በ1844 ገደማ ጆን ተብማን የተባለውን ነጻ ሰው አገባች፤ የእናቷንም ስም ወስዳ ሐሪየት ተባለች። በ1849 ጌታዋ ሞተ። ጌታ ሞቶ ዕዳ ሲከፈል ባሮች እንደ ከብት ይሸጡ ስለ ነበር፥ ወደ ሩቁ ደቡብ እንዳትሸጥ ፈርታ በዚያው ዓመት ሌሊት ሌሊት እየተጓዘች ባርነት ወደሌለበት ወደ ፔንሲልቬንያ ግዛት አመለጠች።

ነገር ግን ወገኖቿ በባርነት ሳሉ ለብቻዋ ነጻ መሆኗ አላረካትም። በፊላደልፊያ ከተማ በሰው ቤት እየሠራች ያገኘችውን ገንዘብ አጠራቅማ ወደ ሸሸችበት አገር ተመለሰች። በዐሥር ዓመት ገደማ ውስጥ 13 ጊዜ ያህል ተመላልሳ 70 የሚሆኑ ሰዎችን አወጣች። ማንበብና መጻፍ አታውቅም፤ ዘዴዋ ግን የረቀቀ ነበር። ሌሊቱ የሚረዝምበትን የብርድ ወራት ትመርጣለች፤ ጉዞዋንም ቅዳሜ ማታ ታስጀምራለች፤ የጠፋ ባርያ ማስታወቂያ እስከ ሰኞ ድረስ በጋዜጣ አይወጣምና። በ1850 የወጣው ሕግ ያመለጡ ባሮች ከነጻዎቹ ግዛቶች እንኳ ተይዘው እንዲመለሱ ስላዘዘ፥ ሰዎቹን እስከ ካናዳ ድረስ መውሰድ ጀመረች። በ1857 ያረጁ አባትና እናቷን አወጣች። ከመራቻቸው ሁሉ አንድ ሰው እንኳ አልተያዘባትም።

በ1861 የርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ ለሰሜኑ ጦር አስታማሚና ሰላይ ሆና አገለገለች። በ1863 በሳውዝ ካሮላይና በኮምባሂ ወንዝ ከኮሎኔል ጄምስ ሞንትጎመሪ ጦር ጋር ዘምታ ከ700 በላይ ባሮች በአንድ ሌሊት ነጻ ወጡ። ለዚህ ውለታ ግን ጡረታ ያገኘችው ከ30 ዓመት በላይ ቆይታ ነው። በ1895 ወታደር በነበረው በሁለተኛው ባሏ ስም በወር 8 ዶላር ተፈቀደላት፤ በ1899 ለአስታማሚነቷ 12 ዶላር ተጨምሮ 20 ዶላር ሆነ። እርስዋ ግን ከዚያችው ከጥቂቷ እያካፈለች ድኾችን ትረዳ ነበር። በኒው ዮርክ ግዛት በኦበርን ከተማ በሰጠችው መሬት ላይ ለአረጋውያን ጥቁሮች መጠለያ ተከፈተ፤ በዚያውም መጠለያ ማርች 10 ቀን 1913 ዐረፈች።

በአሜሪካ የ20 ዶላር ወረቀት ላይ ከ1928 ጀምሮ የታተመው የፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን መልክ ነው። ጃክሰን በጦር ሜዳ ስመ ጥር ነበር፤ ነገር ግን ባሮች ነበሩት፤ በ1830ም ነባሮቹን ሕዝቦች ከርስታቸው የሚያስለቅቀውን ሕግ ፈረመ። በ2015 አንድ ማኅበር ባሰባሰበው የሕዝብ ድምፅ ሐሪየት አንደኛ ወጣች። በ2016 የገንዘብ ሚኒስትሩ ጃክ ሉ የእርስዋ መልክ በጃክሰን ቦታ እንደሚገባ አስታወቁ። በ2019 ተተኪያቸው ስቲቨን ምኑሽን ጉዳዩን አዘገዩት፤ በ2021 ደግሞ አዲሱ መንግሥት ሥራው እንዲፋጠን እንደሚፈልግ ገለጸ። በ2024 መልኳ በመታሰቢያ ሳንቲሞች ላይ ወጣ።

በክርክራችን ጊዜ ከመካከላችን አንዳንዶች ተቃወሙ። በገንዘብ ተተምና የነበረችን ሴት መልሶ በገንዘብ ላይ ማተም ክብር ሳይሆን ስድብ ይሆናል አሉ። ይህ ነገር ቀላል አይደለም፤ ለጊዜውም ዝም አሰኘን። በኋላ ግን አብዛኞቻችን እንዲህ ስንል ተስማማን። ትናንት ዋጋ የተቆረጠላት ሴት ዛሬ ገንዘቡን የምታስከብር ብትሆን፥ የሚያፍረው ዋጋውን የቆረጠው እንጂ እርስዋ አይደለችም። ደግሞም የወር ጡረታዋና የወረቀቱ ዋጋ እኩል 20 ዶላር መሆናቸው፥ አገር ውለታን ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚከፍል ያሳስባል።

ወላጆቻችን እንደሚያስታውሱት፥ በአገራችንም በ1976 በወጣው የ10 ብር ወረቀት ላይ የታተመችው ስፌት የምትሰፋ ሴት ነበረች። ስሟ አልተጻፈም፤ ሥራዋ ግን ለክብር በቅቶ ነበር።

እንግዲህ የደረስንበት ሐሳብ ይህ ነው፦ ለዚህ ክብር የሚታጨው ሰው ለራሱ ካገኘው ይልቅ ለሌላው የሰጠው ይመዘን። ሥልጣንና ዝና ከሰውዬው ጋር ያልፋሉ፤ ያዳናቸው ሰዎች ግን ልጅ ወልደው፥ የልጅ ልጅ አይተው ይመሰክሩለታል። እኛም ከዚህ ትምህርት ቤት ስንወጣ መልካችን በገንዘብ ላይ ባይታተም፥ ነጻነታችንን ለብቻችን ይዘን የማንቀመጥ እንድንሆን ምኞታችን ነው።