ሹመት ሲያልፍ የሚቀረው፤ የደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ሕይወት

ሹመት ከእግዚአብሔር የሚሰጥ አደራ ነው። አደራም እንደ መሆኑ ሁለት ጊዜ ይመረመራል፤ አንድ ጊዜ ሰው በያዘው ጊዜ፥ ሁለተኛም ከእጁ በወጣ ጊዜ። በመጀመሪያው ምርመራ የሚታየው የሥልጣኑ ስፋትና የሠራዊቱ ብዛት ነው፤ በሁለተኛው የሚታየው ግን ራሱ ሰውየው ነው። ሰው በሹመቱ ዘመን በልቡ ምን ሲያከማች እንደ ኖረ የሚታወቀው ሹመቱ በሄደ ጊዜ ነውና። ይህን ለመረዳት ከአገራችን ታሪክ አንድ ሰው እንመልከት።

በአዲስ አበባ ጠመንጃ ያዥ የሚባል ሰፈር አለ። ዐፄ ምኒልክ ከተማይቱን በቈረቈሩ ጊዜ ሠራዊቱ በየክፍሉና በየአለቃው ዙሪያ ይሰፍር ስለ ነበር፥ ብዙዎቹ ሰፈሮች የሹማምንቱንና የጭፍሮቹን ስም ይዘው ቀርተዋል። በልደታ ደግሞ በደጃዝማች ባልቻ ስም የሚጠራ ሆስፒታል ይገኛል። ሕመምተኛው ሁሉ ስሙን እየጠራ ይገባል ይወጣል፤ ስሙን የጠራ ሁሉ ግን ታሪኩን ያውቃል ማለት አይደለም።

ባልቻ የተወለደው ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ ባለው አገር ነው። ንጉሥ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ወደዚያ አገር በዘመቱ ጊዜ፥ ሕፃኑ በጦር ሜዳ ከወደቁት መካከል ቈስሎና ተሰልቦ ተገኘ። እንደሚነገረው ንጉሡ አይተው ራሩለት፤ ቍስሉ እንዲታከም አድርገውም በቤተ መንግሥት አሳደጉት። እንዲህ ያለ መከራ ያገኘው ልጅ በፊቱ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። አንደኛው ቂምን ይዞ ማደግ ነው፤ ሁለተኛው የቀረለትን ኃይል ሰብስቦ ለሥራ ማዋል ነው። ዮሴፍ በባዕድ አገር ባርያ ሆኖ ሳለ የጌታውን ቤት በታማኝነት እንደ ጠበቀ፥ ባልቻም በቤተ መንግሥት መታዘዝን አስቀድሞ ተማረ። ማዘዝ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ታማኝነታቸው ከታየ በኋላ በጅሮንድ ተብለው የንጉሡ ንብረት ጠባቂ ሆኑ። በዚህ ስፍራ የሐዋርያት ሥራን የሚያነብ ሰው የንግሥት ሕንደኬን ጃንደረባ ማስታወሱ አይቀርም። እርሱም በገንዘቧ ሁሉ ላይ የተሾመ ነበርና። ዘር የማይተካ ሰው ለልጆቹ የሚያወርሰው ስለሌለው ገንዘብ ያጓጓዋል ተብሎ አይጠረጠርም ይባል ነበር። ነገር ግን ታማኝነት ከሥጋ ጕድለት አይመጣም፤ ከልብ ልማድ እንጂ። ልጅ ሳይኖረው የሚስገበገብ ብዙ ሰው አለ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት በጅሮንድ ባልቻ ከመድፈኞቹ አለቆች አንዱ ነበሩ። በፈረስ ስማቸው አባ ነፍሶ የተባሉትን ጀግና ሕዝቡ ከመድፉ ጋር አያይዞ ዘፈነላቸው። ከጥቂት ዓመት በኋላም፥ በ1890 ዓ.ም.፥ የሲዳሞ ገዥ ሆኑ። በ1900 ዓ.ም. ወደ ሐረር ተዛወሩ፤ በ1902 ዓ.ም. ሐረር ለደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ሲሰጥ ወደ ሲዳሞ ተመለሱ።

በአገዛዛቸው ጽኑና ቍጡ ነበሩ። የሚፈሩም የሚከበሩም ሰው ነበሩ፤ ለጌታቸው ለዐፄ ምኒልክ፥ በኋላም ለልጃቸው ለንግሥት ዘውዲቱ የነበራቸው ታማኝነት አልተናወጠም። ይሁን እንጂ የቅዱሳን መጻሕፍት ልማድ የሰውን በጎ ነገር ሲጽፉ ጕድለቱንም አለመሸሸግ ነውና፥ እኛም እንዲሁ እናደርጋለን። በዚያ ዘመን የነበረው የገባር ሥርዓት በደቡቡ ገበሬ ላይ ከባድ ቀንበር ነበር፤ ደጃዝማች ባልቻም በዚያው ሥርዓት ገዙ። ደግሞም ብዙ ዘመን በአንድ አገር የተቀመጠ ሹም አገሩ የተሰጠው አደራ መሆኑን ረስቶ የራሱ ርስት ይመስለዋል። ከሲዳሞ ቡና ለመንግሥት ይገባ የነበረው ገንዘብ አነሰ ተብሎ ከአልጋ ወራሹ ዘንድ ጥያቄ ሲመጣ፥ ደጃዝማች ባልቻ የዘመኑን መለወጥ አልተቀበሉም። ለአንድ ጌታ ፍጹም ታማኝ የነበረ ሰው፥ ጌታው ካለፈ በኋላ ለሥርዓቱ መታዘዝ ይከብደዋል። ይህ በብዙ ታላላቅ ሰዎች ላይ የሚታይ ፈተና ነው።

በ1920 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ተጠሩ። ብዙ ጦር አስከትለው መጥተው በንፋስ ስልክ ሰፈሩ። ከዚያም ከጭፍሮቻቸው ጥቂቱን ይዘው ወደ ግብር ገቡ። እርሳቸው በማዕድ ሳሉ ራስ ካሣ ወደ ሰፈሩ ሄደው ወታደሮቹን ገንዘብ እየሰጡ አሰናበቷቸው፤ የሲዳሞም ግዛት ለደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ተሰጠ። ደጃዝማች ባልቻ ከግብሩ ሲመለሱ ያገኙት ባዶ ሜዳ ነው። ሠላሳ ዓመት የተሰበሰበ ኃይል በአንድ ቀን ተበተነ።

አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ስፍራ ጥቂት ቆም በል። ያ ሁሉ ሠራዊት እንጀራ የበላው ከእርሳቸው እጅ ነበር። በዚያ ቀን ግን ሌላ እጅ ዘረጋለት፤ ሄደም። ሰው የሚከተለን ስለምንሰጠው ብቻ ከሆነ፥ አብልጦ የሚሰጥ በመጣ ጊዜ ይሄዳል። ይህ ለአገር ገዥ ብቻ የተነገረ አይምሰለን፤ ለደብር አለቃም፥ ለመምህርም፥ ለቤት አባትም ነው።

ደጃዝማች ባልቻ ታሰሩ፤ በኋላም ከመንግሥት ሥራ ርቀው በገዳም ኑሮ እንዲቀመጡ ተፈቀደላቸው። ቍጡ የነበረው ሰው ጸሎትንና ዝምታን ያዘ። እዚህ ላይ ሁለተኛው ምርመራ ተጀመረ። ሹመቱ፥ ነጋሪቱ፥ ጭፍራው ሁሉ ሄዷል። በሻሯቸው መንግሥት ላይ ቂም ቢይዙ ምክንያት አላጡም ነበር።

በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ብዙ ሹመት ያልተጓደለባቸው ሰዎች ለጠላት ሲገቡ፥ ሹመታቸው የተወሰደባቸው ሽማግሌ ግን ከበዓታቸው ወጥተው ጦር ሰበሰቡ። በዚያው ዓመት ሐምሌ አርበኞች ከተማይቱን ከየአቅጣጫው በመቱ ጊዜ ከተሰለፉት አንዱ ነበሩ። በዚያው ወር በ22 ቀን አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ሰማዕት ሆኑ። ደጃዝማች ባልቻም በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ በጠላት ተከብበው እጅ እንዲሰጡ ቢጠየቁ እምቢ ብለው እየተዋጉ ወደቁ።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት የምንማረው ምንድር ነው? ሹመት ያልፋል፤ በሹመት ዘመን የተለመደው ጠባይ ግን አያልፍም። በሕፃንነታቸው መታዘዝን፥ በጕልማስነታቸው አደራ መጠበቅን ለምደው ነበር። ቍጣና አልበገርነት በጣሉአቸው ጊዜ ያነሣቸው ይኸው የቀድሞ ልማድ ነው። አገራቸውን የወደዱት ስለ ተሾሙ ብቻ ቢሆን ኖሮ በ1920 ዓ.ም. ፍቅራቸው ከግዛታቸው ጋር ባለቀ ነበር። ስለዚህ ሹም የሆነ ሁሉ በየማታው ራሱን ይጠይቅ፤ ነገ ይህ ወንበር ቢወሰድ ከእኔ ጋር የሚቀረው ጸሎቴ ነው ወይስ ቂሜ? ትዕግሥቴ ነው ወይስ ቍጣዬ?

ነቢዩ ኢሳይያስ ሰንበቱን ለሚጠብቁና ቃል ኪዳኑን ለሚይዙ ጃንደረቦች እግዚአብሔር ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም እንደሚሰጣቸው ተናግሯል። ደጃዝማች ባልቻ ልጅ አልተዉም። ከጠላት ወረራ በኋላ ግን በሶቪየት ቀይ መስቀል በልደታ የቆመው ሆስፒታል ስማቸውን ተሸክሞ ቀረ። በሕፃንነቱ ቈስሎ ከሜዳ የተነሣው ልጅ፥ ዛሬ ቍስለኛ በሚነሣበት ቤት ስሙ ይጠራል።

የተሰጠንን አደራ በታማኝነት እንድንይዝ፥ በተወሰደብንም ጊዜ ያለ ቂም እንድንለቅ አምላካችን ይርዳን፤ አሜን።