ሪቻርድ ሮጀርስና ሁለቱ ባለግጥሞች

«ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» የተባለውን ፊልም ያየ ሁሉ ልጆቹ ዶ ሬ ሚ እየተማሩ የሚዘምሩትን ዜማ አይረሳም። ዜማውን የሚያንጎራጉር ብዙ ነው፤ የደራሲውን የአሜሪካዊውን የሪቻርድ ሮጀርስን ስም የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ሮጀርስ በ1902 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኒውዮርክ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበር። እናቱ ፒያኖ ትጫወት ስለነበር፣ ልጁም ገና በሕፃንነቱ የሰማውን ዜማ በፒያኖ መልሶ መጫወት ጀመረ። በ1919 በ16 ዓመቱ ሎሬንዝ ሃርት ከተባለ ገጣሚ ጋር ተዋወቀ። ሃርት በሰባት ዓመት ይበልጠው ነበር። አብረው መሥራት ጀመሩ፤ ሥራው ግን ለጊዜው እንጀራ አልሆነላቸውም። ሮጀርስ ተስፋ ቆርጦ የሕፃናት የውስጥ ልብስ ሻጭ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ በ1925 ለሁለት ጊዜ ብቻ ሊታይ የታሰበ «ጋሪክ ጌይቲስ» የተባለ ትርኢታቸው ሕዝቡን ማረከና ለወራት ታየ። የልብሱ ንግድ በዚያው ቀረ።

ከዚያ በኋላ ለመድረክም ለፊልምም ጻፉ። በ1932 የወጣው «ላቭ ሚ ቱናይት» የተባለው ፊልም የእነርሱ ዘፈኖች አሉበት።

ነገር ግን ሃርት መጠጥ አሸነፈው። ቀን በቀን ይጠፋል፤ ሮጀርስ ደግሞ ሰዓት አክባሪ ነውና ይፈልገዋል። በ1942 «ባይ ጁፒተር» ለተባለው ቴአትር ሲያዘጋጁ ሃርት ሆስፒታል ተኛ። ሮጀርስም እዚያው ሆስፒታል ክፍል ተከራይቶ፣ ፒያኖ አስገብቶ ሥራውን ከአልጋው አጠገብ አስጨረሰው። እንዲህ ያለ ጓደኛ ስንት ሰው ያገኛል?

በሚቀጥለው ሥራ ሃርት እምቢ አለ። ሮጀርስም ኦስካር ሃመርስታይን ከተባለ ሌላ ገጣሚ ጋር ተባብሮ «ኦክላሆማ!»ን ሠራ። ቴአትሩ በማርች 1943 ተከፍቶ 2,212 ጊዜ ታየ። በመክፈቻው ምሽት ሃርት ከተመልካቾቹ መካከል ነበረ። ሮጀርስ ግን አልረሳውም፤ በዚያው ዓመት የቀድሞ ቴአትራቸውን በአዲስ ዘፈኖች አብረው አደሱ። ይህ በኖቬምበር በተከፈተ በቀናት ውስጥ ሃርት በሳንባ ምች ሞተ፤ ዕድሜው 48 ነበር። ጓደኛውን ተወው የሚሉ አሉ። እኔ የሃያ ዓመት ትዕግሥቱን ሳልቆጥር ለመፍረድ አልደፍርም።

ከሃርት ጋር ሲሠራ አብዛኛውን ጊዜ ዜማው ይቀድም ነበር። ከሃመርስታይን ጋር ግን ግጥሙ ቀደመ፤ ሃመርስታይን ሳምንታት የደከመበትን ግጥም ሮጀርስ ፈጥኖ ዜማ ያለብሰው ነበር። በ1945 «ስቴት ፌር» ለተባለው ፊልም የደረሱት ዘፈን የኦስካር ሽልማት አገኘ፤ በ1949 የቀረበው «ሳውዝ ፓሲፊክ» ደግሞ የፑሊትዘር ሽልማት። የመጨረሻው የጋራ ሥራቸው በ1959 በመድረክ የቀረበው «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» ነው። በውስጡ ያለውን «ኤዴልቫይስ» ብዙ ሰው የኦስትሪያ ጥንታዊ ዘፈን ይመስለዋል፤ እርሱ ግን ሃመርስታይን የጻፈው የመጨረሻ ግጥም ነው። በኦገስት 1960 በካንሰር ሞተ።

ሮጀርስ ሁለተኛ ጊዜ ብቻውን ቀረ። ፊልሙ በ1965 ሲወጣ ሁለት አዲስ ዘፈኖች ያስፈልጉ ስለነበር፣ ዜማውንም ግጥሙንም ራሱ ጻፈ። በ1974 በካንሰር ምክንያት ማንቁርቱ በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ መናገርን እንደ ሕፃን እንደገና ተማረ። ዜማ መድረሱን ግን አላቆመም። የመጨረሻው ቴአትሩ «አይ ሪሜምበር ማማ» በሜይ 1979 ተከፍቶ 108 ጊዜ ብቻ ታየ። እርሱም በዚያው ዓመት ዲሴምበር 30 ቀን በ77 ዓመቱ ኒውዮርክ ውስጥ ዐረፈ።