ንግሥት ዘውዲቱ፦ ሕመማቸውና ወሬው

ከመርካቶ ወደ ዘውዲቱ ሆስፒታል የምንመላለስ ብዙ ነን። ታክሲ ውስጥ ዘውዲቱ ጋ ወራጅ አለ ስንል የምናስበው ካርድ ክፍሉንና የመድኃኒት መስኮቱን ነው፤ ሆስፒታሉ በስማቸው የተጠራላቸውን ሴት ማን ያስባቸዋል? በማኅበራችን ስለ ስኳር በሽታ ስንወያይ ግን የንግሥቲቱ አሟሟት ተነሣና ተሰብሳቢው ለሁለት ተከፈለ። ግማሾቻችን ጠበል ነው የገደላቸው፣ ግማሾቻችን መርዝ ነው አልን። ስኳር ነበረባቸው ያለች አንዲትም አልነበረችም። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን እሱ ነው።

ዘውዲቱ ምኒልክ በ1868 ዓ.ም ተወለዱ። እናታቸው ወይዘሮ አብቺው የወሎ ሰው ነበሩ። አባታቸውን ከአፄ ዮሐንስ አራተኛ ጋር ለማቀራረብ ሲባል ገና ሕፃን ሳሉ ለንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተዳሩ። የዛሬ ልጆቻችን አንደኛ ክፍል በሚገቡበት ዕድሜ መሆኑ ነው። ባላቸው በ1880 ዓ.ም በፈንጣጣ ሞቱ። ፈንጣጣ ያን ጊዜ እልፍኝና ጎጆ አይለይም ነበር። ኋላ የእቴጌ ጣይቱን የወንድም ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌን አገቡ።

የአባታቸውንም ረጅም ሕመም አይተዋል። አፄ ምኒልክ ከዓድዋ በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞችን የተቀበሉ፣ ለዘመናዊ ሕክምና በራቸውን የከፈቱ ንጉሥ ነበሩ። እሳቸው ራሳቸው ስትሮክ ደጋግሞ ሲጥላቸው ግን ሕመማቸው የመንግሥት ምስጢር ሆነ። የውጭ ሐኪም ተጠራ፣ ደብረ ሊባኖስ ለጠበል ተኬደ፣ ተመርዘዋል የሚል ወሬም ተናፈሰ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም ሲያርፉ ለሕዝቡ አልተነገረም። የተደበቀ ሕመም ወሬ እንደሚፈለፍል እኛም በየቤታችን እናውቀዋለን።

ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም ዘውድ ጫኑ፤ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ። ራስ ጉግሣ ከንግሥቲቱ ተለይተው በጌምድርን እንዲገዙ ተላኩ። ሴቲቱ ዘውዱን ያገኙት ትዳራቸውን ሰጥተው ነው ማለት ይቻላል፤ ይህ ግን ለብቻው ብዙ የሚያጽፍ ነው፣ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

በኅዳር 1911 ዓ.ም ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን መታት። ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሰው አለቀ፤ ራስ ተፈሪም በጠና ታመው ለጥቂት ተረፉ። ኅዳር 12 ቀን በየሰፈራችን ቆሻሻ ሰብስበን የምናጨሰው የዚያን በሽታ መታሰቢያ ነው።

ንግሥቲቱ ጸሎተኛና ጾም አጥባቂ ነበሩ። አባታቸው ያረፉበትን የበአታ ለማርያምን ሕንፃ ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ስኳርም ነበረባቸው። ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተወጋው በእሳቸው ዘመን፣ በ1914 ዓ.ም፣ ካናዳ ውስጥ ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ነው፤ በሽታው ያኔ ለሐኪሞቹም ገና አስቸጋሪ ነበር። ስኳር ያለበት ሰው ትኩሳት ሲደርብበት በደሙ ያለው ስኳር ይወጣል፣ ሰውነቱ ውኃ ያጣል፣ ቶሎም ይዝላል። ንግሥቲቱን በመጋቢት 1922 ዓ.ም የያዛቸው የታይፎይድ ትኩሳት ነበር። ወቅቱ ደግሞ ዐቢይ ጾም ነው።

በዚያው ሰሞን ራስ ጉግሣ በንጉሥ ተፈሪ ላይ ተነሥተው ነበር። መጋቢት 22 ቀን አንቺም ላይ ተገደሉ። መጋቢት 24 ቀን ንግሥቲቱ ዐረፉ። ሁለት ቀን ብቻ! ወሬ ከዚህ የተሻለ ምን ያገኛል? የባላቸውን መርዶ ሰምተው በድንጋጤ ሞቱ ተባለ። ትኩሳት ላይ ሳሉ በረዶ በመሰለ ጠበል ተነክረው ሰውነታቸው አልቻለም ብለው የውጭ ዲፕሎማቶች ጻፉ። ተመርዘው ነው ያለም አለ። ጠበሉን የሚወቅስ ከጠበል ራቀ፣ መርዙን ያመነ ከሐኪም ራቀ። ስኳሩን ግን ማንም አላነሣውም፤ እኛም ከዘጠና ዓመት በላይ ቆይተን በስብሰባችን ያንኑ ደገምነው። በዚህ ረገድ ጥላሁን ገሠሠ ባለውለታችን ነው እንላለን። በስኳር ምክንያት እግሩን ማጣቱን አገር ሁሉ አየ። በ2001 ዓ.ም ካረፈ ወዲህም እግራችን ላይ የማትድን ቁስል ስናይ እሱን የምናስታውስ አለን።

ሆስፒታሉን ከንግሥቲቱ ሞት ጥቂት ዓመታት በኋላ የአድቬንቲስት ሚሲዮን ሠራው። በኛ ዘመን የኤች አይ ቪ መድኃኒት ቀድመው መስጠት ከጀመሩት አንዱ ሆነ። ያኔ እንጦጦ ጠበል የወጡ ብዙ ሕሙማን ኪኒናቸውን ጣሉ፤ እምነት የሚያጎድል መስሏቸው ነው። በግንቦት 1999 ዓ.ም አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው እንደሚወሰዱ በይፋ ተናገሩ። ለስንቱ ቤት ዕረፍት ነበር!

ዛሬ ከመካከላችን ጠዋት ራጉኤል ተሳልመው ጠበላቸውን የሚጠጡ፣ የስኳር ኪኒናቸውንም በዚያው ፌስታል የያዙ አሉ። ሙስሊም እኅቶቻችንም ረመዷን ሳይገባ ሐኪማቸው ዘንድ ሄደው መጾም ይችሉ እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ ከተፈቀደላቸው መድኃኒታቸውን ለኢፍጣርና ለሱሑር ያስተካክላሉ። ስኳር እንዳለባቸው ለባላቸው እንኳ ያልነገሩም አሉ። በዚያ ስብሰባ ላይ ሁለቱ ለእኛ ነገሩን።